መርካቶ የሰሙት ድምፅ ገላን አይደርስም

ስፒከር ለመግዛት ከገላን ኮንዶሚኒየም የሚወጣ ሰው ሱቅ ሲደርስ የሚጠብቀው ትዕይንት ያው ነው። ሻጩ ስልኩን በብሉቱዝ ያያይዛል፣ ባሱ የከበደ ዘፈን ይመርጣል፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይለቀዋል። የሱቁ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ገዢው ደረቱን የሚመታው ነገር ደስ ይለውና «ይሄማ ድምፅ አለው» ይላል፤ ሒሳብ ይከፈላል። ያው ዕቃ ማታ ሳሎን ገብቶ ሲከፈት ግን ዜና አንባቢው ጋን ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። አንዱ የባስ ኖታ ሲያገሳ ተከታዩ ጭራሽ ይጠፋል። ለጎረቤት ሲባል ድምፁ ዝቅ ሲደረግ ደግሞ ያ ሁሉ ግርማ ድራሹ አይገኝም። የገዢው የመጀመሪያ ጥርጣሬ «ሸወዱኝ» የሚል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ማንም አልሸወደውም። ስፒከሩ ያው ሱቅ ውስጥ የሰማው ስፒከር ነው፤ አብሮት ያልመጣው ሱቁ ነው።

ከመግዛት በፊት ስለማድመጥ የሚከራከሩ ሰዎች በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። አንደኛው «ጆሮህን እመን፣ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው» ይላል። ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ማድመጥ ከንቱ ድካም ስለሆነ የፋብሪካውን ዝርዝርና የታተሙ ልኬቶችን አይቶ መግዛት ይሻላል ባይ ነው። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። የአንድ ስፒከር ድምፅ ላይኛውና ታችኛው ክፍል ለየብቻ ነው መመዘን ያለበት። ላይኛው፣ ማለትም የሰው ድምፅ፣ ክራሩ፣ መሲንቆው፣ ጸናጽሉ፣ በጥንቃቄ ከተደመጠ ሱቅ ውስጥም ይታወቃል። ታችኛው፣ ማለትም ባሱ፣ ከክፍሉ ተነጥሎ ሊታወቅ የማይችል ነገር ነው። እዚህ ላይ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ ሳያውቀው፣ ቪላ ውስጥ የሚኖር የሙዚቃ አፍቃሪ የማያገኘው ዕድል በእጁ አለ።

ልዩነቱ የሚመነጨው ከሞገዱ መጠን ነው። ድምፅ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ይጓዛል። የ10,000 ሄርዝ ቀጭን ድምፅ ሞገዱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ተኩል አይበልጥም፤ የ50 ሄርዝ ባስ ግን ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። ትንሹ ሞገድ እንደ ባትሪ ብርሃን ከስፒከሩ ወጥቶ ጆሮ ይደርሳል፤ መጋረጃና ሶፋም ይውጠዋል። ትልቁን ሞገድ ግን ክፍሉ አይበቃውም። ግድግዳ መትቶ ይመለሳል፣ ከሚመጣው ጋር ይደራረባል፣ አንድ ቦታ ላይ ያብጣል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይጠፋል። ግድግዳዎቹ በ4 ሜትር የሚራራቁበት ሳሎን ቢኖር፣ 343ን ለርቀቱ እጥፍ ለ8 ስናካፍል 43 ሄርዝ ግድም ይመጣል፤ ያ ኖታ በዚያ ክፍል ግድግዳው አጠገብ ከሌሎቹ በላይ ይጮኻል። ርቀቱ 3 ሜትር ከሆነ ቁጥሩ 57 ይሆናል። የሳሎኑ ርዝመትና ስፋት እኩል ከሆኑ ደግሞ ሁለቱም አቅጣጫዎች አንድ ኖታ ላይ ይረባረባሉ፤ ጋን ውስጥ የመግባት ስሜት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ፣ ሳብውፈሩ ብፌው ጎን ጥግ ገብቶ ሲቀመጥ (የኛ ሳሎን አቀማመጥ ደግሞ እንደዚሁ ነው) ነገሩ ይብሳል፤ ባስ የሚያብጠው በግድግዳና በጥግ ነውና።

ቤቱ የተሠራበት ነገርም የራሱ ድርሻ አለው። ከመሀል ከተማ የቀበሌ ቤት ተነሥተው ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ ብዙ አባወራዎች የድሮ ቴፓቸውን ይዘው ነው የገቡት። የእንጨትና ጭቃ ግድግዳ፣ ከላዩ የተወጠረ የአቡጀዲ ኮርኒስ፣ ከኮርኒሱ በላይ ቆርቆሮ፤ ይህ ቤት ባሱ ሲመታው አብሮ እየተርገበገበ ጉልበቱን ይበላ ነበር፣ የቀረውንም ወደ ውጭ ያስወጣ ነበር። የኮንዶሚኒየሙ ሳሎን ዙሪያውን ብሎኬት፣ ከላይና ከታች ኮንክሪት፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። አይርገበገብም። አንድ ጊዜ የገባ ባስ ከመስኮትና ከበር ሌላ መውጫ የለውም። ባዶ ክፍል መሀል ቆሞ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ላይኛው ድምፅ እንዴት እንደሚንጫጫ ያሳያል፤ ያ በምንጣፍና በመጋረጃ ይድናል። ባሱ ግን ምንጣፍ አይፈራም።

የድምፁ ከፍታ ሌላው ወጥመድ ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች የሰው ጆሮ ለሁሉም ድምፅ እኩል እንዳልሆነ በልኬት አሳዩ፤ ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው ባሱን ነው፣ ሲጨምር ደግሞ ባሱ ተመልሶ ይመጣል። ሻጩ ይህን ጥናት አላነበበ ይሆናል፤ ውጤቱን ግን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሁለት ስፒከሮች ሲወዳደሩ በትንሹ እንኳ ከፍ ብሎ የተከፈተው የተሻለ ጥራት ያለው ይመስላል፣ ገዢውም ከፍታውን ከጥራት ጋር ያምታታዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁለቱን በእኩል ከፍታ ማድመጥ። ነፃ የድምፅ መለኪያ አፕ ያለው ስልክ ይበቃል። የስልኩ ቁጥር ትክክለኛ ላይሆን ይችላል፤ ለማነጻጸር ግን በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዘፈን ሁለቱን እኩል ማምጣት ነው የሚፈለገው። ከዚያም ወሳኙ ነገር፣ ድምፁን ማታ ከራት በኋላ ቤት ውስጥ ወደሚከፈትበት ደረጃ ማውረድ። በሹክሹክታ የማያምር ስፒከር ለገላን አይሆንም፤ ኑሮው ሁሉ እዚያ ደረጃ ላይ ነውና።

«ታዲያ ዋቱ ምን ይሠራል?» የሚል ይኖራል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ፒ ኤም ፒ ኦ የሚባል ቁጥር ሁሉም የሚስማማበት አለካክ የለውም፤ ሺህም ሆነ ዐሥር ሺህ የጻፈውን የሚጠይቀው የለም። ሐቁ የሚገኘው ከስፒከሩ ጀርባ ከኤሌክትሪክ ገመዱ አጠገብ በተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ላይ ነው። እዚያ ላይ የሚወስደው ኃይል 60 ዋት ተብሎ ከተጻፈ፣ ከሶኬት ከሚወስደው በላይ ያለማቋረጥ ሊሰጥ አይችልም። ከዚያ ደግሞ ዋት በእጥፍ ሲጨምር የሚገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» እንዲል ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም ዐሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። የተለመደ የቤት ስፒከር በአንድ ዋት ብቻ አንድ ሜትር ርቀት ላይ 85 ዴሲቤል ግድም ያወጣል። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥፈርት ለመኖሪያ ሰፈር ያስቀመጠው ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ልኬቱ የሚወሰደው ከቤት ውጭ ስለሆነ ሁለቱን ቁጥሮች በቀጥታ ማጋጨት አይገባም፤ ቢሆንም በአንድ ግድግዳ ለሚለያዩ ጎረቤታሞች የመጀመሪያዋ ዋት እንኳ ብዙ እንደሆነች መረዳት አይከብድም። የቀሩት መቶ ዋቶች ከሱቅ ወጥተው የሚያገለግሉበት ቦታ የላቸውም።

እንግዲህ ሱቁ የሚነግረንን እንውሰድ። ከሁሉ በፊት የሚፈተነው የሰው ንግግር ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያው የሬዲዮ ማሰራጫ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ እዚሁ አቃቂ ላይ ሥራ ሲጀምር ባስም ሆነ ጸናጽል በወጉ የሚያደርስ መሣሪያ አልነበረም፤ ንግግሩ ግን ይሰማ ነበር፤ የንግግር ፍሬ ያለው መሀሉ ላይ ነውና። አማርኛ ደግሞ ለፈተና የተመቸ ቋንቋ ነው። «ጠፋ» እና «ተፋ»፣ «ሰማ» እና «ሸማ» የሚለያዩት በአንዲት ቅጽበታዊ ፍንዳታ ወይም ፉጨት ነው። ዜና ወይም ትረካ ተከፍቶ፣ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ፣ የጠ እና የጨ ፍንዳታ ጥርት ብሎ ከወጣ፣ ሰ ጆሮ ሳይወጋ ከተሰማ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ተናጋሪ አፉን በመዳፉ የሸፈነ ካልመሰለ፣ ስፒከሩ ትልቁን ፈተና አልፏል። ለቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው ከዚህ በላይ የሚፈልገው ብዙም የለም።

ከሙዚቃ የሚመረጠውም እንደዚሁ ታስቦ ነው። ሰው የሚወደውን ዘፈን ይዞ መሄዱ ጥሩ ነው፤ ግን የቅጂውን ምንጭ ማወቅ አለበት። በ1961 ዓ.ም. የተመሠረተው አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸው ዘፈኖችም ሆኑ ከዚያ በኋላ የመጡት በርካታ የካሴት ሥራዎች ስልክ ለስልክ የሚዞሩት ከካሴት በተገለበጠና በተጨመቀ ቅጂ ነው። እንዲህ ያለው ፋይል ላይ ጸናጽሉ ወይም ሲምባሉ ቢታፈን ጥፋቱ የስፒከሩ አይደለም። ከሁሉ የሚመረጠው ፈታኝ በገና ነው፤ ለምሳሌ ዓለሙ አጋ ለኤቲዮፒክስ ዐሥራ አንደኛ አልበም የቀዳው። ዐሥሩ አውታሮች ድልድዩ ላይ በሚያርፉበት ቦታ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ አውታሩ ሲነካ ቆዳውን እየዳበሰ ያንን የንብ ቀፎ የመሰለ እዝዝታ ይሰጣል። እዝዝታው የበገናው ነው፤ ጥሩ ስፒከር እያንዳንዱን አውታር ከነእዝዝታው ለይቶ ያሰማል፣ ደርዳሪው ሲያበቃም አብሮ ዝም ይላል። ቅርፊቱ (ኮኑ) የላላ ወይም ሳጥኑ የሳሳ ስፒከር የራሱን ንዝረት ይጨምርበታል፤ ያ ንዝረት አውታር ሲቀየር አይቀየርም፣ ሁሌም በአንድ ቦታ ነው። ሳጥኑን በጣት አጥንት ማንኳኳትም ይህንኑ ያሳብቃል፤ ደረቅና አጭር ድምፅ መልካም ነው፣ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚያስተጋባ ግን አይደለም። ጥንድ ስፒከር ሲሆን ደግሞ የዘፋኙ ድምፅ ከሁለቱ መሀል መምጣት አለበት። ድምፁ ተበትኖ ባሱ ከሳሳ ቀዩና ጥቁሩ ገመድ በአንደኛው ላይ ተገላብጠው ይሆናል፤ በሱቅ ጥድፊያ የሚሠራ ስሕተት ስለሆነ ስፒከሩን ከመኮነን በፊት ማየት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስተን ዓይናችን ነው። ካናዳዊው የድምፅ ተመራማሪ ፍሎይድ ቱልና ባልደረባው ሾን ኦሊቭ በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ አድማጮቹ ስፒከሮቹን ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው የሰጧቸው ነጥብና እያዩ የሰጧቸው ነጥብ አልተመሳሰለም። ትልልቆቹና ያማሩት ሲታዩ ከፍ፣ ትንሹና ርካሹ ሲታይ ዝቅ አለ። እኛ ዘንድ መጋረጃው ነጠላ ሊሆን ይችላል፤ ስስ ስለሆነ ድምፁን ብዙም አይነካውም። ሁለቱን ስፒከሮች ነጠላ አልብሶ፣ አብሮ የመጣ ሰው እንዲያቀያይራቸው አድርጎ፣ ብራንዱን ሳያውቁ መምረጥ። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የተባለው ለሌላ ነገር ቢሆንም እዚህም ሳይሠራ አይቀርም።

«እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ልዩነቱን የት አውቄው» የሚል ተቃውሞ ተደጋግሞ ይሰማል። ኦሊቭ በ2003 እ.ኤ.አ. 268 አድማጮችን አራት ስፒከሮች አስደምጦ ነበር። የሠለጠኑት ይበልጥ ወጥና ነቃፊ ሆኑ፤ የምርጫው ቅደም ተከተል ግን የሠለጠነውም ያልሠለጠነውም በመሠረቱ አንድ ነበር። ቱልም ኦሊቭም ይሠሩበት የነበረው ሀርማን የጄ ቢ ኤል ባለቤት ስለሆነ ጥናቱን ከጥቅም ነፃ አድርጎ ማየት አይገባም፤ ግኝቱ ግን ለሻጭ የሚመች ዓይነት አይደለም። «ጣዕም ነው፣ ለእያንዳንዱ የራሱ» የሚለውን አባባል በብዙው ያፈርሰዋልና። በእኩል ከፍታና ዓይን ተጋርዶ ሲደመጥ ሰው በአብዛኛው ያልተዛባውን ይመርጣል። «ሲለማመድ ይስተካከላል» የምትለው የሻጭ ማባበያም በዚሁ ታልፋለች፤ በአብዛኛው የሚለማመደው ጆሯችን ነው።

አሁን ወደ ባሱ እንመለስ። ሱቁ ፊቱ ለመንገድ የተከፈተ፣ ግድግዳው በካርቶን የተሞላ ነው፤ ባሱ ግማሹ ወደ መንገድ ይወጣል። እዚያ «ልክ ነው» የተባለ ባስ በኮንክሪት ሳሎን ውስጥ ከልክ ያልፋል፤ እዚያ «ትንሽ አነሰው» የተባለው ቤት ሲገባ ሊበቃ ይችላል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ በባስ መምረጥ ሰውን በሌላ ሰው ጫማ ቁጥር እንደማስለካት ነው። ለዚህ የውጭ መጻሕፍት የሚመክሩት ዕቃውን ቤት ወስዶ ሞክሮ መመለስን ነው። እዚህ አገር አያስኬድም። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ጉድለት ያለበት ዕቃ ከገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል፤ «ሳሎኔ ውስጥ አላማረኝም» ግን ጉድለት አይባልም። መብቱ ቢኖርስ ሳብውፈር ተሸክሞ ከገላን መርካቶ መመላለሱን ማን ይችለዋል።

የኮንዶሚኒየሙ ዕድል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቤቶቹ በጥቂት ዓይነት ፕላን ተባዝተው የተሠሩ ናቸው። የአንድ ብሎክ ባለ ሁለት መኝታ ሳሎን ከበላዩና ከበታቹ፣ ከጎኑ ብሎክም፣ በርዝመት፣ በስፋት፣ በጣሪያ ከፍታና በግድግዳ ዓይነት ይመሳሰላል። ባስን የሚወስኑት ደግሞ እነዚሁ ናቸው። እንግዲህ የተፈለገውን ስፒከር ወይም የሚቀርበውን የገዛ ሰው በግቢው ውስጥ ካለ፣ የእሱ ሳሎን ከማንኛውም ሱቅ የተሻለ የማድመጫ ክፍል ነው። በዕድርም በቡናም የሚተዋወቅ ሰፈር ውስጥ «እስቲ ስፒከርህን ላድምጠው» ማለት ነውር የለበትም። ሲደመጥም ቆሞ ሳይሆን ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ መሀል፣ ወደ ጥግ እየተራመዱ ባሱ የት እንደሚያብጥና የት እንደሚከዳ ማስተዋል። ያ ካርታ በራስ ሳሎንም ያገለግላል።

ጥሩ ተቃውሞ የሚነሣበትም ቦታ ይህ ነው። የጎረቤት ዕቃ ይለያል፤ አንዱ ወፍራም ምንጣፍ አለው፣ ሌላው ባዶ ሴራሚክ። እውነት ነው፣ ግን ምንጣፍና መጋረጃ የሚለውጡት ላይኛውን ድምፅ ነው፤ እሱ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ተመዝኗል። ይበልጥ የሚከብደው የፈረሰ ግድግዳ ነው። ሳሎኑን ከማብሰያው ጋር የቀላቀለ ወይም የከፈለ ሰው የፕላኑን ቁጥር ለውጦታል፤ የእሱ ቤት ለመመዘኛ አይሆንም። በፕላኑ ግራና ቀኝ የተገለበጠ ቤት ግን ችግር የለበትም፤ ርቀቱ ያው ነው። «ኢኳላይዘር አለ አይደል?» የሚለውም ከፊል መልስ አለው። የሚጮኸውን ኖታ መቀነስ ይቻላል። ሶፋው በተቀመጠበት ቦታ የጠፋውን ኖታ ግን በኢኳላይዘር መመለስ አይቻልም፤ በጨመሩት ቁጥር ያንኑ ያህል ይሰረዛል፣ ትርፉ የስፒከሩ መድከም ነው። ሶፋውን አንድ ክንድ ከግድግዳ ማራቅ ከዚያ ይሻላል፤ ቦታ ከተገኘ።

የዕቃው ዓይነት በዚህ መነፅር ሲታይ ብዙ አያከራክርም። ሆም ቴአትር የሚባለው ባለ አምስት ስፒከርና ባለ ሳብውፈር ለሲኒማ ነው የተሠራው፤ በሳተላይት የሚገቡት የአገር ውስጥ ቻናሎች በአብዛኛው የሚልኩት ሁለት ቻናል ድምፅ ስለሆነ የኋላዎቹ ስፒከሮች ለዜናና ለድራማ ጌጥ ናቸው። ሳውንድ ባር ለንግግር ይመቻል። የጥንድ ስፒከርን ያህል ዘፋኙን መሀል ላይ የሚያቆም ግን የለም። ባለ ጎማው የድግስ ስፒከር የተሠራው ለአዳራሽና ለግቢ ስለሆነ ሳሎን ውስጥ ትርፍ ነው።

ከውጭ ዘመድ የላከው ወይም ያገለገለ ዕቃ ለብቻው ቃል ይገባዋል፤ በትንሽ ብር ትልቅ ድምፅ የሚገኘው ከዚያ ስለሆነ። መጀመሪያ ጀርባውን ማየት ነው። ከአሜሪካ የመጣ አምፕሊፋየር 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ሶኬት ላይ የሚቆየው ጭሱ እስኪወጣ ነው። ቀጥሎ የባሱን ቅርፊት ከሳጥኑ ጋር የሚያያይዘውን ቀለበት በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ መንካት። ጎማ ከሆነ ረጅም ዕድሜ አለው። ስፖንጅ ከሆነ ግን ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ይፈረፈራል፣ እንደ ደረቀ ቂጣ ጣት ላይ ይቀራል፤ ባሱም ይንኮሻኮሻል።

ወደ ማድመጡ እንመለስና፣ ጎረቤት ቤት ሲደመጥ ከአድማጩና ከባለቤቱ አንዱ ወደ ታችኛው ፎቅ ወርዶ ደረጃው ላይ ወይም በፈቃድ ሳሎኑ ውስጥ ቢቆም ጥሩ ነው። ኮንክሪቱ ግጥሙንና ዜማውን ያስቀረዋል፣ ምቱን ግን ያሳልፈዋል። ከላይ ያለው ሰው የሳብውፈሩን ቁልፍ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ከታች ያለው ምቱ ሲጠፋበት በስልክ «በቃ» ይላል። ከላይ ሶፋው ላይ በዚያ ደረጃ ዘፈኑ ባስ ከቀረው፣ ያ ስፒከር ማታ ማታ የሚሰማው እንደዚያ ነው።